ከቅዳሜ ገበያ እስከ ሰፈር ሱቅ፦ የምግብ መሸጫው ሲለወጥ ገበታችን ላይ የሚሆነው

ወር ከገባ 20 ቀን ሲሞላው ጎንደር ውስጥ የብዙ ደመወዝተኛ ቤት ወጥ ይለወጣል። ጎመኑ፣ ቲማቲሙና ካሮቱ ከገበታው ይጠፉና ፓስታና ሩዝ ይደጋገማል። ሰው በድንገት ጎመን ጠልቶ አይደለም። እጅ ላይ የነበረው ጥሬ ብር አልቋል፤ የቀረው የባለሱቁ ዱቤ ነው። ባለሱቁ ደግሞ በዱቤ የሚሰጠው ያለውን ነው፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ብስኩት። መንገድ ዳር ጉሊት ዘርግታ የምትቸረችረው ሴት ግን ብዙውን ጊዜ ዱቤ የመስጠት አቅም የላትም። ጠዋት የገዛችውን ጎመን ማታ ሸጣ ገንዘቡን ካልያዘች ለነገ የምትገዛበት አይኖራትም፤ ያልተሸጠውም አድሮ ይጠወልጋል። ስለዚህ በወሩ የመጨረሻ 10 ቀን ቤተሰቡ ምን እንደሚበላ የሚወስነው ስለ አመጋገብ ያለው ዕውቀት ሳይሆን ማን ዱቤ እንደሚሰጠው ነው።

ስለ ጤናማ አመጋገብ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ የሚያነጣጥረው በላተኛው ላይ ነው፤ ጨው ይቀንሱ፣ አትክልት ይብሉ፣ ቅባት አያብዙ። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰው የሚመርጠው ከፊቱ ከቀረበለት ነው፤ ያውም በያዘው ብር፣ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ እግሩ በሚያደርሰው ርቀት። ባለሙያዎች ይህን ሁሉ በአንድ ስም «የምግብ አካባቢ» ይሉታል፤ በአካባቢው ምን እንደሚሸጥ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ በምን ልክ እንደሚሸጥ፣ ለማብሰል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ እንዴት እንደሚታይና እንደሚተዋወቅ፣ ንጽሕናው እንዴት እንደሆነ። የጎንደር የምግብ አካባቢ እየተለወጠ ነው፤ በእኛ እምነት ከሁሉ ይበልጥ ጤናን የሚነካው ለውጥ ደግሞ ብዙም ያልተወራለት አንዱ ነው፤ የምንሸምትበት ልክ ማነሱ።

ከኩንታል ወደ ኪሎ፣ ከኪሎ ወደ ብርጭቆ

የቀድሞው አሸማመት የታወቀ ነው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ጤፉና ሽምብራው ከደምቢያና ከማክሰኝት አካባቢ፣ ገብሱና ባቄላው ከወገራ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል። የቻለ በኩንታል፣ ያልቻለ በቁናና በጣሳ ይገዛና አበጥሮ፣ ለቅሞ፣ ቆልቶ ያስፈጫል። ሽሮውና በርበሬው ለዓመት ይዘጋጃል። ይህ ቤት ወሩ ሲያልቅ ብር ቢያጣም ሽሮ አያጣም።

አሁን ከተማዋ ወደ አዘዞና ወደ ማራኪ በኩል ሰፍታለች። በኮንዶሚኒየምና በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ኩንታል የሚቀመጥበት ጎተራም ጓዳም የለም። ባልና ሚስት ሥራ ይውላሉ። ቅዳሜ ገበያ ለመሄድ ለባጃጅ መክፈል፣ ተሸክሞ መመለስ፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት መሰለፍ አለ። ስለዚህ ከሰፈር ሱቅ፣ ከሚኒ ማርኬት፣ ከባልትና መደብር በኪሎና በግማሽ ኪሎ መግዛት ይቀላል። እንጀራውም በቁጥር ይገዛል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በተለይ ለሴቶች ከባድ ድካም አቃልሏል። ሆኖም ሦስት ነገር አብሮ ይመጣል።

አንደኛው ዋጋ ነው። ለስሌት ያህል 5 ሊትር ዘይት 1,500 ብር ነው እንበል፤ ሊትሩ 300 ብር ይሆናል። ያው ዘይት በብርጭቆ ተቀድቶ ሩቡ ሊትር በ90 ብር ቢሸጥ ሊትሩ 360 ብር መጣ። አምስት ሊትር የመግዣ ብር አንድ ላይ የሌለው ሰው፣ ካለው ሰው በ20 በመቶ የበለጠ ከፍሎ ያንኑ ዘይት ይበላል። በስኳር፣ በሽሮ፣ በበርበሬም እንዲሁ ነው። ይህ ልዩነት ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ከወጡ ማባያ፣ ማለትም ከአትክልቱና ከእንቁላሉ ላይ ይቆረጣል።

ሁለተኛው የሚያዘው ነገር ዓይነት ነው። ትንሽ ሱቅ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ካለውም ለስላሳ መጠጥ የሚያቀርበው ድርጅት የሰጠው ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ የሚቀመጠውም ለስላሳው ነው። መብራት ይቆራረጣል። ስለዚህ ባለሱቁ ሳይበላሽ ወራት የሚቆየውን ይመርጣል። ምግብ ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚያደርገው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መድረቁ፣ መነጠሩ፣ ጨው ወይም ስኳር መብዛቱ ነው። ባለሱቁ ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ጎመን ቢያስገባ በሁለተኛው ቀን ኪሳራው የእሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚያሳስበን፣ ምግቡ ዱቄት ሆኖ መምጣቱ ነው። እህሉን ያየ ሰው የሚያውቀውን ዱቄቱን ያየ ሰው አያውቅም። ይህ ለጎንደር ልዩ ትርጉም አለው።

ጓያ፦ በዱቄት ውስጥ የማይታየው

ጓያ የተባለው ጥራጥሬ ድርቅንም ውኃ ያቆረ መሬትንም ይቋቋማል። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይቀራል። በክፉ ዓመት በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ጓያ ዋና ምግብ የሆነባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ከዚያም እግራቸው ተሳስሮ፣ ጉልበታቸው ተቆላልፎ በምርኩዝ የቀሩ ወጣቶች ታዩ። «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ይህ ነው። እህሉ ውስጥ ያለ መርዛማ ንጥረ ነገር ነርቭን ይጎዳል፤ ጓያ ከሌላ እህል ጋር ሳይመጣጠን ለ2 እና ለ3 ወር በተከታታይ ዋና ምግብ ሲሆን አደጋው ይመጣል፤ አንዴ የሰበረውን እግር የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ያልተፈጨ ጓያ ለዓይን ይለያል። አተር ድቡልቡልና ለስላሳ ነው፤ ጓያ ግን ጎንና ማዕዘን አለው፣ በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ ያደላል። ሲከካ ግን ቢጫ ክክ ሆኖ ከአተር ክክ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲፈጭ ፈጽሞ አይለይም። ዋጋው ከአተርና ከሽምብራ የረከሰ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ ለመቀላቀል ያጓጓል። አልፎ አልፎ ትንሽ የተቀላቀለበት ሽሮ መብላት ሰውን አይሰብርም። የሚያሰጋው በየቀኑ ሦስቴ ሽሮ የሚበላ፣ ሌላ ማባያ የሌለው፣ ሁሌም ከአንድ ርካሽ ቦታ የሚገዛ ቤተሰብ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሽምብራውን ወይም አተሩን ሳይፈጭና ሳይከካ መግዛት፤ ለመቁላት ጊዜ ከሌለ ባልትና መደብሩ እህሉን አሳይቶ እንዲቆላ መስማማት። ጓያ መኖሩ ከታወቀና መብላቱ ግድ ከሆነ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ አሳድሮ ውኃውን መድፋት፣ በሌላ ውኃ ቀቅሎ ያንንም መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ አያጠፋውም። የጓያው ድርሻ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ባነሰ መጠን አደጋውም ያንሳል።

በርበሬም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ዛላው እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ፣ ውሎ አድሮም ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ነው። ሲቆላም ሲቀቀልም በቀላሉ አይጠፋም። ዛላውን የገዛ ሰው ሰንጥቆ ውስጡን ያያል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ካለ ይጥላል። የተፈጨውን የገዛ ግን የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው። ለኦቾሎኒም ደንቡ ያው ነው፤ የተጨማደደውንና የጠቆረውን ለቅሞ መጣል።

ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ላይ ነው

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሽምብራና ባቄላ ከቆላው ይልቅ እዚህ ለመብሰል ብዙ ይቆያሉ፤ ከሰሉም ያልቃል። ፓስታ ግን በሩብ ሰዓት ያልቅለታል። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ወጥታ 12 ሰዓት ላይ ቤት የምትገባ እናት ፓስታውን የምትመርጠው ለዚህ ነው። የከሰልና የመብራት ወጪ የምግብ ዋጋ አካል ነው፤ ሱቁ የሚሸጠው ጊዜና ማገዶም ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ማካካስ ይቻላል። ጥራጥሬን ማታ በሦስት እጥፍ ውኃ ዘፍዝፎ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ማቆየትና ውኃውን ደፍቶ መቀቀል ጊዜውን በጣም ያሳጥራል። በግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ደግሞ የከፍታውን ጉዳት ያስቀረዋል፤ ውስጡ ያለው ውኃ ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ። በሳምንት አንድ ቀን አብዝቶ ቀቅሎ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይችላል። አንድ ስሕተት ግን ይደጋገማል፤ ሞቃትና እርጥብ ቦታ የከረመ አሮጌ ባቄላ ገዝቶ ማገዶ መጨረስ። እንዲህ ያለው ቆዳው ይጠነክራል፣ ቢዘፈዘፍም አይላላም። አዲሱ አዝመራ ሲገባ መግዛት ማገዶም ይቆጥባል።

ከሱቅ የሚገቡት ሦስቱ፦ ዘይት፣ ስኳር፣ ጨው

በሱቅ ላይ ጥገኛ የሆነ ቤት ምን ያህል እንደሚጠቀም ለማወቅ ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ የወሩን ግዢ በሰው ማካፈል ይበቃል።

ዘይት፦ አምስት ሰው በወር 5 ሊትር ከጨረሰ እያንዳንዱ በቀን 30 ግራም ገደማ ወሰደ ማለት ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይሆናል፣ ወደ 270 ካሎሪ ይሰጣል። ሥራው ጉልበት ለማይጠይቅ ሰው ይህ ብቻውን ብዙ ነው። ዓይነቱም ይለያያል። ጠዋት በጎንደር ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ደፍርሶ ወይም ረግቶ የሚገኘው ዘይት የፓልም ነው፤ «የሚረጋ ዘይት» የምንለው። ከ100 ግራሙ ግማሽ ያህሉ ጠጣር ቅባት ነው፤ ይህ ቅባት በደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የሱፍ ዘይት ጠጣር ቅባቱ ከ100 ግራም ከ10 እስከ 12 ግራም ነው፤ የኑግና የሰሊጥ ዘይት ወደ 15 ይጠጋል። ሰሊጥ በመተማና በሁመራ ሞልቶ፣ ከውጭ የገባ የሚረጋ ዘይት በሰፈር ሱቅ መደርደሪያ ላይ በርክሶ መገኘቱ የሚያስቆጭ ነው። ፈሳሹን ዘይት መግዛት ውድ ከሆነ የሚረጋውን በግማሽ ቀንሶ መጠቀም ይሻላል።

ሳንቡሳ፣ ፓስቲና የድንች ጥብስ በሚሸጥበት ቦታ የዘይቱ ጉዳይ ሌላ ነው። በተደጋጋሚ የጋለ ዘይት ይበላሻል። ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ አረፋው አልጠፋ ካለ፣ ገና ሳይግል ጭስ ካወጣ መጣል አለበት፤ አዲስ ዘይት ጨምሮበት መቀጠል የተበላሸውን አያድነውም።

ስኳር፦ አምስት ሰው በሳምንት አንድ ኪሎ ከጨረሰ ለእያንዳንዱ በቀን 28 ግራም ደረሰው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀን ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ 5 በመቶው 25 ግራም ነው። ቤቱ ገና ለስላሳ ሳይጠጣ፣ ብስኩት ሳይበላ አልፎታል። በአብዛኛው ለስላሳ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 11 ግራም ስኳር አለ፤ ግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ ከ50 ግራም በላይ፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ይሆናል። የጠርሙሱ ልክ ከትንሹ የመስታወት ጠርሙስ ወደ ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ማደጉ ብቻውን የሚጠጣውን ስኳር አሳድጎታል፤ ሰው የከፈተውን አይተውምና። ጁስ ቤትም ስኳርና ቀይ ሽሮፕ ሳይጨመር እንዲሠራ መጠየቅ ይቻላል፤ ፍሬውን ልጦ መብላት ግን ይበልጣል።

ጨው፦ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ። ማጣፈጫ ኪዩብ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጨው ስለሆነ ኪዩብ የጨመረ ሰው ጨው መቀነስ አለበት፤ ብዙ ቤት ግን ሁለቱም ይገባል። የታሸገ ምግብ ላይ «ሶዲየም» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር በ2.5 ማባዛት የጨውን መጠን ይሰጣል።

ጨውን ስናነሳ አዮዲኑን መርሳት አይገባም። በደጋው አገራችን እንቅርት የቆየ ችግር ነው፤ በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን እጥረት የልጁን አእምሮ ይጎዳል። አዮዲን የሌለበት የምግብ ጨው እንዳይሸጥ በሕግ ከተደነገገ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን አዮዲን ፀሐይና እርጥበት ያጠፋዋል። አፉ ተከፍቶ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የዋለ የጨው ጆንያ ስሙ ብቻ አዮዲን ያለው ይሆናል። የታሸገውን ከጥላ ቦታ መግዛት፣ ቤት ውስጥ በክዳን ማስቀመጥ፣ ወጥ ላይ ከምድጃ ሊወርድ ሲል መጨመር አዮዲኑን ያተርፋል።

የታሸጉ ዕቃዎች ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ያለፈበትን ዱቄት ወይም ወተት 7 ወይም 8 ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ለአረጋውያን ወላጆች ይህን መንገር ያስፈልጋል።

ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ቤት

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ በደምቢያ ከደረሰው የወባ እልቂት ማግሥት። ያኔ ትልቁ ጭንቀት ወባና ተላላፊ በሽታ ነበር። ዛሬ የደም ግፊትና ስኳር በሽታ ተጨምረዋል፤ የድሮውም አልጠፋም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ነበር፤ በአማራ ክልል 41 በመቶ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸውና ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቀን ከ5 ድርሻ በታች አትክልትና ፍራፍሬ እንደሚበሉ አሳይቷል። አንድ ቤት ውስጥ የቀነጨረ ልጅና ግፊት ያለባት እናት አብረው መገኘታቸው እንቆቅልሽ አይደለም። ሆድ የሚሞላ፣ ጉልበት የሚሰጥ፣ ግን ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን የጎደለው ምግብ ልጁን ያቀጭጫል፤ እናቲቱን ያወፍራል።

5 ድርሻ ማለት 400 ግራም ነው። አንድ መካከለኛ ቲማቲም 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ድርሻ 80 ግራም ነው። ወጥ ውስጥ የገባው ሽንኩርት ይቆጠራል፤ ድንች ግን አይቆጠርም። ለአምስት ሰው በቀን 2 ኪሎ፣ በሳምንት 14 ኪሎ ይሆናል። ይህን ማሟላት ለአብዛኛው ቤት ከባድ መሆኑን አለመናገር ሐሰት ነው። ሽንኩርት ብቻ የነበረበት ቤት በሳምንት ሦስት ቀን ጎመን ወይም ካሮት ቢጨምር ግን ትልቅ ለውጥ ነው።

የጾም ነገር እዚህ ላይ ይነሳል፤ የጎንደር ገበያ የሚተነፍሰው በጾም አቆጣጠር ነውና። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ነቢያት፣ ፍልሰታ ሲመጡ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ የወተት ገዢ ይጠፋል፣ የዘይት ፍላጎት ይጨምራል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የሞላበት የጾም ገበታ ለልብ የሚስማማ ነው፤ በዘይት የተጠበሰ ዳቦና ሻይ የሆነ ጊዜ ግን የጾም ቢሆንም ያ ጥቅም የለውም። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይጾሙም፤ ወተት የሚረክስበት ያ ጊዜ ለእነሱ እንቁላልና ወተት የሚገዛበት ነው። በረመዳንም ማፍጠሪያው በሳንቡሳ ብቻ ሳይሆን በቴምር፣ በሾርባና በፍራፍሬ ቢጀመር ያንኑ ጥቅም ያገኛል።

ሱፐርማርኬት ቢከፈትስ?

ብዙ ሰው ዘመናዊ መደብር ሲከፈት አመጋገብ ይሻሻላል ብሎ ይገምታል። ማስረጃው የተቀላቀለ ነው። በኬንያ ትንንሽ ከተሞች የተደረገ ጥናት ከሱፐርማርኬት የሚሸምቱ አዋቂዎች ክብደታቸው ከፍ ብሎ፣ ልጆቻቸው ግን በቁመት የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ አትክልት በራቀበት ሰፈር ሱፐርማርኬት ተከፍቶ ነዋሪው መሸጫው እንደቀረበ ቢያውቅም የሚበላው አትክልት አልጨመረም። ስለዚህ ሕንፃው አይደለም ቁም ነገሩ።

የሠራው ሌላ ነው። ሜክሲኮ በ2014 እ.ኤ.አ. ጣፋጭ መጠጥ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ታክስ ስትጥል ግዢው በመጀመሪያው ዓመት 6 በመቶ ያህል ቀነሰ። ቺሊ በ2016 እ.ኤ.አ. ስኳር፣ ጨውና ቅባት በበዛባቸው እሽጎች ፊት ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ አስገደደች፤ ማስታወቂያቸውንም ገደበች፤ የጣፋጭ መጠጥ ግዢ በሩብ ገደማ ወረደ። እንግሊዝ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን መግቢያና ሒሳብ መክፈያ ላይ እንዳይደረድሩ ከልክላለች። በእኛም አገር የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጥንና ስኳርን ይመለከታል። የሚጎድለው ሌላኛው ጎን ነው፤ አትክልቱን ማቅረብና ማርከስ።

ጎንደር ውስጥ አትክልትን ወደ ሕዝቡ ያቀረበችው ጉሊት የምትቸረችረው ሴት ናት። በእግር አምስት ደቂቃ ላይ ናት፤ በመደብ፣ በእስር፣ በአንድ ራስ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ምርቃትም ትጨምራለች፤ ሰው ከሥራ ሲወጣ ክፍት ናት። ከመንገድ ዳር ስትነሣ የሰፈሩ ሰው ወደ ቅዳሜ ገበያ አይሄድም፤ ወደ ሱቁ ነው የሚገባው። የከተማው ሰው ጤና ያሳሰበው አካል በየሰፈሩ ጥላ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብና አንድ የውኃ ቦኖ ያለው የጉሊት ቦታ ቢከልል፣ ከብዙ የግንዛቤ ስብሰባ የበለጠ ጎመን ገበታ ላይ ይደርሳል። ውኃው ዋና ነው፤ ከተማዋ የውኃ እጥረት ስላለባት ጎመንና ሰላጣ በቆሻሻ ውኃ ከታጠበ ትርፉ ታይፎይድና ተቅማጥ ነው።

ጥላ ማጣትም ዋጋ አለው። ፀሐይ ላይ የዋለ ጎመን ቫይታሚን ሲውን ያጣል፤ ይቀልላል፤ በኪሎ ሲሸጥም ሻጯን ያከስራታል። እርጥብ ጆንያ ከሥር ማንጠፍ፣ ሌላ እርጥብ ጆንያ ከላይ ደረብ ማድረግና በየሁለት ሰዓቱ ንጹሕ ውኃ መርጨት እስከ ማታ ያቆየዋል። ቲማቲምና ሽንኩርት ግን መረጨት የለባቸውም፤ ይበሰብሳሉ።

ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ፉክክር ደግሞ የልክ ነው። ብስኩትና ከረሜላ ልጁ በያዘው ሳንቲም ልክ ታሽገው ይጠብቁታል። ቆሎ፣ ንፍሮና ሙዝ በዚያው ዋጋ በትንንሽ ወረቀት ተጠቅልለው ከፊት ቢቀመጡ ይሸጣሉ።

ልኩን መልሶ ማሳደግ

ኩንታል ብቻውን መግዛት የማይችል አራት አምስት ቤት ተሰብስቦ በእቁብ መልክ መግዛት ይችላል። አዝመራው ሲገባ አንድ ኩንታል ሽምብራ ለአምስት ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 20 ኪሎ ይደርሳል። የሚያከስረው ነቀዝ ነው። እህሉ በጥርስ ሲነከስ ጥው ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ሁለት ፕላስቲክ ከውስጥ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ ያለው፣ ለዚህ ይመቻል። የመጀመሪያውን ፕላስቲክ ሞልቶ፣ አየሩን ጨምቆ፣ አፉን ጠምዝዞ አጥብቆ ማሰር፤ ሁለተኛውን ለብቻው፣ ውጭኛውንም ለብቻው። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ከሁለት ወር በፊት ደጋግሞ መክፈት ወይም አይጥ የሚበሳበት ቦታ ማስቀመጥ ግን ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ለወሩ መጨረሻ ችግር ደግሞ ዱቤውን መገልበጥ ይቻላል። ደመወዝ በተቀበሉ ዕለት ለጉሊት ደንበኛ ለስምንት እስር ጎመን ቀብድ መክፈል፤ ከ20ኛው ቀን ጀምሮ በየሦስት ቀኑ ሁለት ሁለት እስር መውሰድ። ለእሷ ብሩ ወለድ የሌለው መነሻ ሆኖ በጅምላ እንድትገዛ ይረዳታል። ስምምነቱ በብር ሳይሆን በእስር ቁጥር ይሁን፤ ዋጋ ቢወጣ ግማሹን ጭማሪ ገዢው እንደሚሸፍን አስቀድሞ መነጋገር፤ ጎመን በጠፋ ቀን በካሮት ወይም በጥቅል ጎመን እንዲተካ መፍቀድ። መንገድ ተዘግቶ ምንም ካልገባ ቀኑ ይተላለፋል እንጂ አይቀርም። በሁለት እስር ለአንድ ሳምንት መሞከርና ወረቀት ላይ ጭረት እያሰመሩ መያዝ ለሁለቱም ይበቃል።